የልጄ አንገት

ገዳሪፍ ላይ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ባለው ወር ቆርቆሮ ሥር የሚቀመጥ ሰው የለም። ሁሉም በራኩባ፣ በሣር ዳስ ጥላ ውስጥ ይጋደማል። ውሻው እንኳ ከውኃው ማሰሮ ሥር እርጥቡ መሬት ላይ ሆዱን ለጥፎ ይውላል። በዚያ ወር ልጄ ጋቢ ተከናንባ ትተኛ ነበር፤ ያውም በቀትር። እግሯን ስነካው ይቀዘቅዛል።

«በርዶኛል» ትለኛለች።

«ገዳሪፍ ላይ ማን በርዶት ያውቃል? ስንፍና ነው እንጂ የያዘሽ ብርድ አይደለም» እላታለሁ።

ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ፊቷ ነፋ ብሏል። ጎረቤት ሲያያት «ሱዳን ተስማምቷት ወፈረች» ይላል፤ እኔም ደስ ይለኛል። የድሃ ልጅ ስትወፍር አባት ይኮራል፤ አበላት ይባልለታል። ቁመቷ ግን ቆሞ ነበር። የአምናው ቀሚሷ ዘንድሮም ልኳ ነው። ሌላ አባት ቢሆን ምነው ይል ነበር፤ እኔ ልብስ ከመግዛት ተረፍኩ ብዬ አለፍኩት።

ከመተማ በታች ካለች መንደር ለሰሊጥ አጨዳ ተሻግሬ በዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ። ባሱንዳ አጨድኩ፣ መፋዛ ማሽላ ቆረጥኩ፣ በኋላ ከተማ ገብቼ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ሆንኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ሽበት ካወጣ ወዲያ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ከሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ። ቤት ስገባ የምታስጠናኝ ይህችው ልጄ ነበረች። ያን ጊዜ ፈጣን ነበረች። «አባዬ ቸኮልክ፤ መጀመሪያ እየው፣ ከዚያ ጥራው» ትለኝ ነበር።

ለምጹ የጀመራት በዚያ ሰሞን ነው። መጀመሪያ በከንፈሯ ጥግ፣ ቀጥሎ በዓይኗ ዙሪያ፣ ከዚያ የጣቶቿ ጫፍ ላይ። አያምም፣ አያሳክክም። ቆዳው እንዲሁ ቀለሙን ጥሎ ሄደ። ሱዳኖቹ በሃግ ብለውት ያልፋሉ። እኛ ግን ለምጽ ስንል ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው፣ የሰውየው ኃጢአት አብሮ የተነገረ ይመስል። በቅዳሴ ንባብ መሃል ለምጻም የሚል ቃል በመጣ ቁጥር ወደኛ ዘወር የሚል ዓይን አይጠፋም። አንድ እሑድ አንዲት ሴትዮ ልጄ ጠበል የጠጣችበትን ኩባያ በነጠላዋ ጫፍ ስትወለውለው፣ ከዚያ ለልጇ ስትሰጥ አየሁ። አልተናገርኩም። እኔም ቤቴ ውስጥ የልጄን ኩባያ ለብቻው አስቀምጥ ነበርና ምን ብዬ እናገራለሁ?

ከዚያ ወዲህ ወደ ሰው ይዣት መሄድ ተውኩ። ሚስቴን «ፀሐዩ ይጎዳታል» አልኳት። ፀሐይ ለምጹን ያቃጥለዋል፣ እሱስ እውነት ነው። እኔ ግን ስለ ፀሐይ አልነበረም የማስበው።

የአንገቷን እብጠት ያየሁት ራሴ ነኝ። ቀና ብላ ውኃ ስትጠጣ፣ ከጉሮሮዋ በታች፣ ስትውጥ ከፍ ዝቅ የሚል ለስላሳ ነገር አየሁ። እንቅርት መሆኑን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገኝም። እናቴ ነበራት፤ ከነእንቅርቷ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ አሳድጋናለች። እንቅርት ብቻውን ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ለምጽ ላይ ተጨምሮ ሲመጣ ግን ይህችን ልጅ ነገ ማን ያገባታል አልኩ። የመጣልኝ ሐሳብ እሱ ነው። ታማ ይሆን ወይ የሚለው አልመጣልኝም።

«አንገትሽን ሸፍኝ» ማለት ጀመርኩ። ጠዋት ስትወጣ እሱን ነበር የምላት፤ ደህና ዋይ የሚለው ቀረ። ሸፈነች። አንድ ዓመት ያህል በሻሽ ተጠምጥማ ኖረች። እብጠቱ ግን እያደገ ሄደ፣ ሻሹም አልበቃው አለ።

በእኛ አገር የሴት አንገት ይነቀሳል። በአንገት ዙሪያ እንደ ቀለበት የሚሄድ ሰማያዊ መስመር ነው። ለጌጥ ነው የሚል አለ። እናቶቻችን ግን እንቅርት እንዳይወጣ፣ የወጣም ከሆነ እንዲሰበሰብ ነው ይላሉ። ሚስቴ በልጅነቷ ተነቅሳለች፤ እንቅርት የላትም። እኔም ይህን እንደ ማስረጃ ይዤ ተነሣሁ። እናቴም ተነቅሳ እንደነበር፣ እንቅርቷ ግን ከነንቅሳቱ አብሯት እንደተቀበረ ያስታወስኩት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ሰው የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

ሰፈራችን ውስጥ የሚነቅሱ አንዲት አሮጊት አሉ። ዝናቡ ሊገባ ሲል ልጄን ይዤ ሄድኩ።

«ይህችን ነው?» አሉኝ አገጯን ይዘው ወደ ብርሃን እያዞሯት።

«አንገቷን ነው እማማ። እንቅርት አውጥታለች።»

«እንቅርቱንማ አየሁት። እኔ የምለው ይኸ ፊቷ ላይ ያለው ነው። በመርፌዬ ቢጋባስ? የሰው ልጆች እነቅስበታለሁ።»

«አይጋባም» አልኳቸው።

«ማን አለህ?»

«እኔ አባቷ አይደለሁም? ይኸው አብሬያት እየኖርኩ አልያዘኝም።»

ለምጽ እንደማይጋባ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት ያን ቀን ነው፤ እሱም መርፌውን እንዳይከለክሉኝ ነው። ኩባያዋ ቤት ውስጥ ለብቻው ተሰቅሎ ነበር።

አሮጊቷ መርፌዎቹን በክር አሰሩ፣ ጥላሸቱን በቅጠል ጭማቂ በጠበጡ። ልጄ ምንጣፍ ላይ ተጋደመች። እግሯን የያዝኩት እኔ ነኝ። ገና የመጀመሪያው ቀለበት ሳይገናኝ «አባዬ በቃኝ» አለች። «አባዬ ይተዉኝ በላቸው» አለች። እኔ «ትንሽ ነው የቀረው» አልኳት። ትንሽ አልነበረም የቀረው።

ቅርፊቱ ሲረግፍ ንቅሳቱ አምሮ ነበር። ሚስቴም አይታ «የኔን መስሏል» አለች። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ግን የመስመሩ ግራና ቀኝ መንጣት ጀመረ። ሰማያዊው በመሃል እንደ ክር ቀጠነ፣ ነጩ ሰፋ። ለምጽ ባልነበረበት አንገት ላይ መርፌው የሄደበትን መንገድ ተከትሎ ለምጽ ወጣ። ከሩቅ ሲያዩት ልጅቷ በነጭ ገመድ የታሰረች ትመስላለች። እብጠቱም ከሥሩ እንዳለ ነው። አንድ ነገር ልደብቅ ብዬ ከመንገድ ማዶ የሚታይ ነገር አሠራሁባት።

በዚያው ሰሞን የትምህርት ቤቱ አስተማሪ አስጠራኝ። ከጎንደር የመጣ ወጣት ነው፣ ትሑት።

«አባቴ፣ ልጅዎ ክፍል ውስጥ ትተኛለች» አለኝ። «ስጠይቃት ትሰማኛለች። መልሱ ከአፏ እስኪወጣ ግን ሌላው ልጅ መልሶት ይቀመጣል። አምና እንዲህ አልነበረችም። እንዲህ ከቀጠለች ዝናቡ ሲያበቃ አንድ ክፍል ዝቅ ማለቷ ነው።»

«ትውረዳ» አልኩት። «ደደብ ከሆነች ምን ይደረጋል?»

ልጄ አጠገቤ ቆማ ነበር። አስተማሪው ወደ መሬት አየ፤ በእኔ ፈንታ እሱ አፈረ። ደደብ መባል ምን እንደሆነ እኔ አጥቼው አይደለም። ከሕፃናት ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ፊደል ስሳሳት ከኋላዬ ሲስቁብኝ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። እሷ ግን አልሳቀችብኝም ነበር።

ጦርነቱ ካርቱምን ካፈራረሰ ወዲህ ገዳሪፍ በተፈናቃይ ሞልታለች። ከተፈናቀሉት አንዷ የልጆች ሐኪም ናት፣ ሰዉ ሁሉ ዱክቱራ ነው የሚላት። በሰፈራችን አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ መሥራት እንደ ጀመረች፣ ለምጽ ያለባቸው ልጆች ሁሉ መጥተው አንገታቸውንና ደማቸውን እንዲታዩ አስነገረች። ከቅዳሴ በኋላ ለእኛ ዲያቆኑ ነገረን። ለምጽ ያለበት ልጅ አንዳንዴ እንቅርት የሚያብጥበት ዕጢ አብሮ ይታመማል፣ ሳይብስ በደም ይታወቃል ብላለች አለ። እኔ ቆሜ ሰምቼ፣ ቤት ገብቼ ምሳዬን በላሁ። ለሚስቴ አልነገርኳትም።

በማግስቱ መጋዘኑ ውስጥ አብሮኝ የሚሸከም ያገሬ ሰው አነሣው።

«ሰማህ ዲያቆኑን? ለምጹ ያለው ቆዳ ላይ፣ እነሱ የሚቀዱት ደም። ጣራህ ሲያፈስ ጉድጓድ ትቆፍራለህ?»

«ደሙን ምን ሊያደርጉት?» አለ ሌላው።

«ለቆሰለ ወታደር ነዋ። የሐበሻ ደም ርካሽ ነው።»

ሳቅን። እኔ ከሁሉም አብልጬ ሳቅሁ። ይህ ሰው ልጄን አይቷት አያውቅም፤ እንዳያያት አድርጌ ነው የኖርኩት።

ሚስቴ ያኔ አራስ ነበረች። ክርስትናው ገና ስለሆነ ከቤት አትወጣም። ሊጠይቋት የመጡ ሴቶች ነገሩን ነገሯት። ማታ ስገባ ሕፃኑን እያጠባች ዓይኗን ሳታነሣ «ውሰዳት» አለችኝ።

«የት?»

«የት እንደሆነ ታውቃለህ። ቆመህ ሰምተሃል አሉ።»

«ደም ነው እኮ የሚቀዱት።»

«ይቅዱ። ይህ ብርዱም፣ እንቅልፉም ከአንገቷ ነገር ቢሆንስ? እኔ መውጣት ብችል አንተን እለምን ነበር?»

«እዚያ ሰው ይሞላል። ያየናል።»

«ይየና» አለች። «ነጭ ገመድ አስረህባት ደግሞ ከዚህ ወዲያ ምን እንዳይታይብህ ነው?»

ከአራስ ጋር አይጣሉም። ጠዋት ልጄን ይዣት ወጣሁ። ሌሊቱን ዘንቦ የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ ጫማ አያስነሣም። ሻሿን እስከ አገጯ ጠመጠምኩላት። ልጄ እየቆመች፣ እያረፈች ትሄዳለች። «ቶሎ በይ» እላታለሁ፤ ሰው ሳይበዛ ገብተን ለመውጣት ነው።

ግቢው ግን ሞልቶ ነበር። ከኒም ዛፉ ሥር እናቶች፣ አባቶች፣ ልጆች። አንዷ ልጅ በዚያ ሙቀት ጓንት አድርጋለች። አንዷ ቆቧን እስከ ዓይኗ አውርዳለች። ወላጆቹ ሁሉ ወደየራሳቸው ጫማ ያያሉ። ይህን ያህል ለምጽ ያለበት ልጅ በከተማው ውስጥ ነበረ፤ እኔ የኔዋ ብቻ ትመስለኝ ነበር። ሁላችንም በየቤታችን ደብቀን ስንኖር በምን እንተዋወቅ?

ግድግዳው ጥግ አንድ ሰው ትንሽ ልጅ በጉልበቱ አስቀምጦ ጀርባውን ሰጥቶናል። ጀርባውን አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ጆንያ ጭኜበታለሁ። ጉድጓድ ትቆፍራለህ ያለኝ ሰው ነው። ዘወር ሲል ተያየን። የልጅቷ ግማሽ ግንባር ነጭ ነው።

«ሰላም ነህ?» አለኝ።

«ሰላም ነኝ።»

«ለወባ ነው?»

«አዎ፣ ለወባ ነው» አልኩት።

«እኔም» አለ። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ጭቃው አየን።

ልጆቹ ግን አላፈሩም። ትንሿ ወርዳ ልጄ አጠገብ መጣች፣ እጇን ከእጇ ጋር አስተያየች። በዐረብኛ «የኔ እስከዚህ ነው፣ ያንቺስ?» አለቻት። ልጄም እጅጌዋን ሰብስባ አሳየቻት። ከስንት ጊዜ በኋላ እጅጌዋን ሰብስባ ለሰው ስታሳይ ያየኋት ያኔ ነው። ጎትቼ ልመልሰው ስል ሰውየው አየኝና ተውኩት።

ዱክቱራ ወደ በረንዳው ወጥታ ለሁላችን ተናገረች። ረዘም ያለች፣ ድካም የወረሳት ሴት ናት። ለምጽ እንደማይጋባ፣ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ ነገረችን። «ሰውነት የራሱን ቀለም ጠላት አድርጎ ሲያይ ነው የሚመጣው» አለች። «በአንዳንድ ልጅ ላይ አንገት ውስጥ ያለውንም ዕጢ ጠላት ያደርገዋል። ያ ዕጢ ሲደክም ልጁ ይበርደዋል፣ ይተኛል፣ አያድግም፣ ትምህርት አይገባውም። በሁሉም ልጅ ላይ አይመጣም። ግን ሳናይ አንተውም።» እኔ ይህን ስትል ወደ ልጄ አላየሁም። ከዚያ መንገዱ በጦርነቱ ስለተዘጋ የደሙ መመርመሪያ መድኃኒት ጥቂት ብቻ እንደ መጣ ተናገረች። ምልክት ያለባቸው፣ አንገታቸው ያበጠ ዛሬ ደም ይሰጣሉ፤ የሌሎቹ ሌላ ጊዜ መድኃኒቱ ሲመጣ ነው።

ተራችን ደረሰ። ክፍሉ በር የለውም፣ መጋረጃ ነው፤ የሚወራው ሁሉ ውጭ ይሰማል። ዱክቱራ ሻሹን ቀስ ብላ ፈታች። ቀለበቶቹን አየች። ልጄን በዐረብኛ ጠየቀቻት።

«ይህን ማን ሠራብሽ?»

ልጄ ወደኔ አላየችም። መልሷ እንደ ልማዷ ቆይቶ መጣ። «እኔ ነኝ የጠየቅሁት» አለች። «እናቴ አላት። እንደ እናቴ ይሁንልኝ ብዬ አልቅሼ ነው።»

«አላመመሽም?»

«ትንሽ።»

ዱክቱራ ጣቶቿን አንገቷ ላይ አሳርፋ «ዋጪ» አለቻት። ዋጠች። «ይህ እብጠት ከመርፌው በፊት ነበረ?»

«የለም። ከመርፌው በኋላ ነው።»

«ይበርድሻል?»

«የለም።»

«ቀን ቀን ትተኛለሽ?»

«የለም።»

ውሸቱንም ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ አንዱን ቃል ከሌላው ለይታ፣ ከጉድጓድ ውኃ እንደምታወጣ። እኔ ዐረብኛ እሰማለሁ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። አጠገቧ ቆሜ ነበር።

ዱክቱራ እጇን አነሣች። «እብጠቱ ቆዳው ከመርፌው ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል» አለችኝ። «ቅባት እሰጣችኋለሁ። መመርመሪያው ሲመጣ ደሟን እናያለን፤ ያኔ መልሰህ አምጣት።»

እፎይ አልኩ። አዎ፣ እፎይ ነው ያልኩት። ልጄ ደሟ ሳይታይ ልትሄድ ነው፣ እኔም ሳልጠየቅ ልወጣ ነው። ሻሹን መልሼ ጠመጠምኩላት፣ እጇን ያዝኩ። መጋረጃው ጋ ስንደርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ የተላከችውን በደንብ አድርሳ የመጣች ልጅ መስላ።

«ደህና አልኩ አባዬ?» አለች በአማርኛ፣ በሹክሹክታ።

እኔ ዋሺ አላልኳትም። አንድም ቀን አላልኳትም። አንገትሽን ሸፍኝ ስላት ነው የተማረችው። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርገው ያ ሰው ልጁን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ነገ መጋዘን እንገናኛለን። ዓይኑን እያየሁ ወደ ውስጥ ተመለስኩ።

«ዱክቱራ፣ ልጅቷ ዋሽታለች» አልኩ። ዐረብኛዬ የገበያ ነው፤ ለመቆጣት እንጂ ለመለመን አይሆንም። «አንገቷ ካበጠ ዓመት አልፎታል። አይቼዋለሁ። በበጋ ይበርዳታል። ቀን ትተኛለች። ቁመቷ ከቆመ ቆይቷል። ትምህርት ቤት ወደ ታች ሊያወርዷት ነው። የነቀስናትም ለእብጠቱ ነው፤ ያገራችን ልማድ ነው።»

«ዓመት?» አለች።

«ዓመት።»

«ዓመት ሙሉ አይተህ ዝም አልክ፣ ያ ዓሚ?»

ያ ዓሚ ማለት አጎቴ ማለት ነው፤ በአክብሮት ነው የጠራችኝ፣ እሱ ባሰኝ። «ዝም አላልንም» አልኳት። «አስነቀስናት።»

ዱክቱራ አልጮኸችብኝም። ለምጽ ያለበት ልጅ ቆዳ መርፌም ምላጭም ሲነካው አዲስ ለምጽ ሊያወጣ እንደሚችል፣ ሁለተኛ እንዳይነካ ነገረችኝ። ቤተሰብ ውስጥ እንቅርት ያለበት ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ፤ እናቴ አልኩ። ከዚያ ልጄን «ነዪ ተቀመጪ» አለቻት። ደም ቀዱላት።

ስንወጣ ሰውየው መንገድ ለቀቀልኝ።

«ወባውን ምን አሉህ?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«ደም ቀዱ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ልጁን ይዞ ገባ። ነገ የሚያወራው መስሎኝ ሌሊቱን አልተኛሁም ነበር። አላወራም። ያም ቢሆን እስከ ዛሬ ጆንያ ስንቀባበል ዓይን ለዓይን አንተያይም።

ልጄ ግን መንገድ ላይ እጇን ከእጄ ነጠቀች።

«ለምን ተናገርክ? ሰውየው ሰማ። ሁሉም ሰማ።»

«ውሸት ነበራ የተናገርሽው።»

«ላንተ ብዬ ነው እኮ። ጨርሼው ነበር።»

ጭቃው ውስጥ ከፊት ከፊቴ ሄደች፤ እየቆመች፣ እያረፈች። ቶሎ በይ አላልኳትም።

ውጤቱ ሲመጣ ዱክቱራ አስጠራችኝ። ዕጢው ሥራውን ትቷል ማለት ይቻላል፣ የራሷ ሰውነት ነው ያደከመው አለች። እንክብል ሰጠችኝ። ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ትውጠዋለች፣ ከዚያ ሻይ በወተት ከመጠጣቷ በፊት ቆይታ ትጠብቃለች። ምናልባት ዕድሜዋን ሙሉ ትወስደዋለች። በየጊዜው ደሟ ይታያል፣ መጠኑ ይስተካከላል። የአንገቷ ነጭ ቀለበት በቅባቱ ይመለስ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ይመለሳል ብዬ አልዋሽህም» አለችኝ።

ስለ ትምህርቷም ጠየቅኋት። ደደብ አልኳት ብዬ አልነገርኳትም፤ ክፍል ውስጥ ትተኛለች ብቻ አልኩ።

«ያለዚያ ዕጢ አንተም ቆመህ ትተኛ ነበር» አለች። «ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ይህን ያህል ቆማ መሄዷ ነው የሚገርመኝ።»

አስተማሪው ዘንድ ሄጄ ይህንኑ ነገርኩት። እንዲያ ከሆነ ከክፍሏ አላወርዳትም፣ እናያታለን አለ።

መድኃኒቱን ጀመረች። መጀመሪያ ምንም የተለየ ነገር አላየሁም፤ ተታለልኩ እንዴ ማለቴ አልቀረም። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከእናቷ ጋር ስትጨቃጨቅ ሰማኋት። ደጅ ቆሜ አዳመጥኩ። መልሷ አይዘገይም። ሌላ ቀን ደግሞ ጮክ ብዬ ሳነብ ከውስጥ ሆና «ዘለልክ አባዬ፣ አንድ መስመር ዘለልክ» አለችኝ። የፊቷ እብጠት ጎደለ፤ ጎረቤት «ምነው ከሳችብህ?» አለኝ። ኩባያዋንም ሚስቴ አንሥታ ከሌሎቹ ጋር ደባለቀችው፤ እኔ ሳልነግራት። እኔ መንገር የነበረብኝ ሰው ነኝ።

ሰሊጡ መግባት ሲጀምር፣ መጋዘኑ ሥራ በሚበዛበት ሰሞን፣ ደሟ እንደገና የሚታይበት ቀን ደረሰ። ፈቃድ ጠይቄ ወሰድኳት። ሚስቴ እኔ ልሂድ ብላ ነበር፤ የለም አልኳት። የተሻላትን ልጅ ይዤ ዱክቱራ ፊት ብቆም የቀደመው የሚታጠብልኝ መስሎኝ ነው መሰል።

ልጄ ሻሽ አላደረገችም። አድርጊ ለማለት አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት።

ዱክቱራ አንገቷን ዳሰሰች፣ ሳቅ አለች። «አሁንስ ይበርድሻል?»

«አሁን አይበርደኝም። ዱሮ ይበርደኝ ነበር። ባለፈው ዋሽቼሽ ነው።»

«አውቃለሁ፣ አባትሽ ነግሮኛል።»

«እሱም ሁሉን አልነገረሽም» አለች ልጄ። ዐረብኛዋ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ እኔ ላቆመው ብፈልግም አልደርስበትም። «አስነቀስናት አለሽ። እናቴ አልነበረችም። እሱ ነው የወሰደኝ። ተው እያልኩት እግሬን ያዘ። ሁለተኛው ቀለበት ላይ አሮጊቷ ይብቃት፣ ልጅቷ ራሷን ልትስት ነው ብለው መርፌውን አስቀምጠው ነበር። እሱ ይጨርሱት አላቸው።»

ከላይ አሮጊቷን ስጽፍ ይህን አልጻፍኩትም። ሦስት ጊዜ ያን ቦታ አንብቤዋለሁ፣ ሦስት ጊዜም አልፌዋለሁ። መርፌውን አስቀምጠው ነበር። እኔ ነኝ የጀመሩትን ይጨርሱት፣ ግማሽ ሆኖ ሰው ሲያየው ያስቃል ያልኩት። ልጄ ያኔ ግማሽ እንቅልፍ ውስጥ የምትኖር ልጅ ነበረች፤ አታስታውሰውም ብዬ ነበር።

ዱክቱራ ወደኔ ዞረች። «እንዲህ ነው፣ ያ ዓሚ?»

መጋረጃው ያኔም ግማሽ ክፍት ነበር። ውጭ የተቀመጡትን ሰዎች እግር አያለሁ።

«እንዲህ ነው» አልኩ።

ዱክቱራ ደም ቀጂውን ጠራች። ደም ቀጂው መርፌውንና የሚታሰረውን ጎማ ይዞ መጣ። ልጄ ወንበሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ እጅጌዋን ራሷ ሰበሰበች፣ ክንዷን ዘረጋች። ትፈራለች ብዬ ጠጋ አልኩና ክንዷን ልደግፍላት እጄን ሰደድኩ።

«አትያዘኝ» አለችኝ።

እጄን ሰብስቤ ወደ ግድግዳው ተመለስኩ። ደሙ ሲቀዳ ዓይኗን አልጨፈነችም።